ቅዳሜ ቅዳሜ ጎርጎራ የምትሄደው ልጅ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 29 ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሠዓሊ ነኝ። ፒያሳ ላሉ ሱቆች ብራና ላይ መላእክትና ቅዱስ ጊዮርጊስ እየሣልሁ ነው የምኖረው። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ሌላ ነገር ለምዶብኛል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ይዤ ጎርጎራ እወርዳለሁ። የጣናን ዳር ዳሩን ብቻዬን ሦስት አራት ሰዓት እሄዳለሁ። አልፎ አልፎ ቆሜ ንድፍ እሠራለሁ። ከዚያ ተመልሼ ቤቴ እገባለሁ። ከሳምንቱ ውስጥ እንደዚያ ሰዓት የምወደው የለም።

«ችግሩ ለእናቴ ‹አዲሱ ሪዞርት ላይ ሥዕል ልሸጥ ነው› ብያታለሁ። በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን ለለቅሶ ወርዳ ኖሮ ውኃ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ አየችኝ። አሁን ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ‹ወንድ ይዛለች› ይላል። ግማሹ ‹የባሕር መንፈስ ለክፏታል፣ ጠበል ትግባ› ይላል። እናቴ ምንም አትለኝም። ዝም ብላ ታለቅሳለች። የሚፈልገኝ አንድ ጥሩ ልጅም አለ። ‹አብሬሽ ልሂድ› አለና አንድ ቀን ወሰድሁት። ከአዘዞ እስከ ውኃው ሲያወራ፣ ውኃው ዳር ደግሞ ሰልፊ ሲያነሳ ዋለ። አንዲት መስመር ሳላሰምር ተመለስሁ። እትዬ፣ ብቻዬን መሆን መውደዴ በሽታ ነው? ለእናቴስ እውነቱን ልንገራት ወይስ መሄዴን ልተው?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ቀናሁብሽ። በሁለተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። እመለስበታለሁ።

ቀላሉን ጥያቄ ላስቀድም። ብቻ መሄድ መውደድ በሽታ አይደለም። ለሠዓሊ ደግሞ የሥራዋ ግማሽ ነው። ጎረቤት ይህን አያውቅም፣ አይፈረድበትም። አናጢ መዶሻ ሲያነሳ ይታያል። ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ይታያል። ሠዓሊ ውኃ ዳር ቆማ ስታይ ግን ሥራ የፈታች ነው የምትመስለው። እኛ ሰፈር «ማየት» የሚባል ሥራ የለም። ዝም ብሎ ሩቅ የሚያይ ሰው ወይ ዕዳ አለበት፣ ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ ተለክፏል።

የሚገርመው ብቸኝነትን እንደ ጣና ዙሪያ ሰው የሚያከብረው አልነበረም። ደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማት ምን ፍለጋ ነው ውኃ መሃል የገቡት? አንቺ እዚያው ጎርጎራ አጠገብ ማን እንደ አባ መድኃኔዓለም ገዳምን ታውቂዋለሽ። መነኩሴው በዓት ሲዘጋ «ምን ነካው?» የሚል የለም። እንዲያውም እጅ ነስተን በረከት እንለምናለን። 29 ዓመቷ የሆነ ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደብተር ይዛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ስትሄድ ነው የቸገረን። ለእሷ ብቸኝነት የሰጠነው ስም የለም። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ሰፈር ራሱ ስም ያወጣለታል። አወጣለትም።

እናትሽ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ብላ ያሳደገችሽ ትመስለኛለች። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። ተረቱ ስለ ምግብ ነው እንጂ ስለ እግር መንገድ አይደለም።

ሆኖም እንደ ታላቅሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጎርጎራ ስትመለሺ ይርብሻል? ሌሊቱን ትተኛለሽ? ሰኞ ጠዋት ብሩሽ ታነሻለሽ? ጓደኛሽ ስትቀልድ ትስቂያለሽ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ጤነኛ ነሽ፤ ጠግበሽ ነው የምትመለሺው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከአልጋ መነሳት ከከበደሽ፣ የምትወጂው ሁሉ ካስጠላሽ፣ ውኃውን ስታዪ የምታስቢው ስለ ሥዕል ካልሆነ፣ ያኔ የዓምድ ምክር አይበቃሽም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው። ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ። ጠበልም ከፈለግሽ ተጠመቂ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከደብዳቤሽ እንደማየው ግን አንቺ እዚያ ውስጥ ያለሽ አትመስዪኝም። «ከሳምንቱ ውስጥ እንደዚያ ሰዓት የምወደው የለም» የምትል ልጅ ሰኞንም በጉጉት ነው የምትጠብቀው።

አሁን እናትሽ አንድ ቀን ዕንባዋን ጠርጋ «እሺ፣ ምን ታያለሽ እዚያ?» ብላ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ? «ውኃ» ካልሻት አለቀ። ጣና ውኃ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ እስቲ እኔ ልሞክርልሽ። እኔ ሥዕል አልችልም። ግን በወጣትነቴ ቆላ ድባ አስተማሪ ነበርሁና ያንን ዳር ጥቂት አውቀዋለሁ።

ባሕር ዳር ቆመሽ ጣና ወደ ሰሜን ነው። ጎርጎራ ቆመሽ ወደ ደቡብ ነው። ለሌላው ሰው ይህ የካርታ ወሬ ነው። ላንቺ ግን አይደለም። በበጋ ፀሐይዋ በግራሽ ወጥታ፣ በፊትሽ አልፋ፣ በቀኝሽ ትጠልቃለች። ቀኑን ሙሉ ከፊትሽ ናት። ውኃው ደግሞ ያንን ብርሃን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ታንኳው፣ ደንገሉ፣ መረቡን የሚስበው ሰውዬ፣ ሁሉም ጥላ ብቻ ሆነው ነው የሚታዩት። ፊት የለም፣ ልብስ የለም፣ ቅርጽ ብቻ ነው። ሙሉ ሳምንት ብራና ላይ የመልአክ ዓይን ስትስዪ ለከረምሽ ልጅ፣ ዓይን የሌለው ሰው ማየት ዕረፍት ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

ከዚያ ደግሞ ዳሩ ራሱ አለ። ወደቡ ዘንድ ድንጋይ ነው። ወደ ደንቢያ ሜዳ ስትጠጊ ግን ጭቃና ሣር እየሆነ ይሄዳል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ እንደተደፋ ውኃ ቁጠሪው። ትንሽ ሲጎድል ብዙ ይሸሻል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ሣሩ ላይ ይተኛል። ግንቦት ላይ ትተሽው የሄድሽበት ቦታ አታገኚውም። ገበሬው ደግሞ ከኋላው እየተከተለ፣ ውኃው የለቀቀውን እርጥብ መሬት ያርሳል። ጥቅምት ላይ ታንኳ የሣልሽበት ቦታ ጥር ላይ ሰብል ይሆናል። እኔ አስተማሪ ሆኜ ይህ ነገር ያስቀኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ለልጆቹ የጣናን ካርታ በጠመኔ እሥላለሁ። ቅዳሜ ወርጄ ሳየው ካርታው ልክ አይደለም።

ይህን መስመር ነው አንቺ በየሳምንቱ የምትስዪው። ያው አንድ መስመር፣ ግን አንድም ቀን እዚያው ቦታ የማይገኝ። እናትሽ ገበሬ ዘመድ ካላት ይህ ይገባታል።

እምቦጩንም እንዳትረሺ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በእናንተው ዳር፣ መገጭ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ለዚህም ነው የሚያናድደው። ስንቱ ወጣት፣ ስንቱ ገበሬ፣ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ሥዪው፣ አትስዪው አልልሽም። ስትስዪው ግን የሚነቅለውን ሰውዬም አብረሽ እዪው።

መገጭን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቀሃና አንገረብ ጎንደርን በግራና በቀኝ ይዘው ይወርዳሉ። ሁለቱም መጨረሻቸው መገጭ ነው። መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። እናትሽ ክረምት ላይ ከደጃፏ ስትጠርገው የነበረው ጎርፍ ሁሉ የሚሄደው አንቺ ወደምትቆሚበት ነው። «ወዴት ነው የምትሄጂብኝ?» ካለችሽ፣ ይህንን ንገሪያት።

ሲደክምሽ የት እንደምትቀመጪ አልጻፍሽም። ደብረ ሲና ማርያም ግቢ ዛፉ ሥር ካልተቀመጥሽ ግን እቀየምሻለሁ። ክብ ናት፣ ክዳኗ ሣር ነው። ውስጧ ያሉት ሥዕሎች በ17ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ ናቸው። የአፄ ሱስንዮስ ልጅ መለኮታዊት እንዳሠራቻቸው ይነገራል። ያኔ ጎንደር ገና መንደር ነበረች ወይም መቆርቆሯ ነበር። ነገሥታቱ እዚያ ውኃው ዳርም ይቀመጡ ነበር። የሠዓሊዎቹን ስም እኔ ሲነገር አልሰማሁም። እነሱም ግን ከሥራ ሲወጡ እግራቸውን ያፍታቱት በዚያው ዳር መሆን አለበት። ሌላ የት ይሄዳሉ?

አንቺ የምትስዪው መልአክ ከየት እንደመጣ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ጀርባው ሜዳ የለው፣ ዛፍ የለው፣ አንድ ቀለም ተቀብቶ ያበቃል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ሁለተኛው ስልት ነው ፊቱን ማጥቆርና ማንጣት፣ ጀርባውን ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቀይ ማሸጋገር የጀመረው። ስለዚህ ማንም ሰው ንድፍሽን አይቶ «ይሄ ባዶ ወረቀት ነው፣ ሰው የለበትም» ቢልሽ አትደንግጪ። ባዶ ጀርባ ከኛው ቤት የወጣ ነገር ነው። አንቺ ፊተኛውን አንስተሽ ጀርባውን ብቻ አስቀረሽው።

አሁን ወደ ተጣበቅሁበት ዓረፍተ ነገር። «ሥዕል ልሸጥ ነው ብያታለሁ።»

ልጄ፣ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ ሄድሽ አይደለም። ሄድሽ ካልሽበት ሌላ ቦታ ስለተገኘሽ ነው። ያቺ ጎረቤት ወሬ ይዛ ስትገባ እናትሽ በእጇ ምን ነበራት? «ልጄ እኮ ውኃ ዳር መሄድ ትወዳለች፣ ነግራኛለች» ብትል ኖሮ ወሬው እዚያው ቡናው ላይ ይሞት ነበር። እሷ ግን የያዘችው ያንቺን ውሸት ነው። እሱን ይዛ ነው ዝም ያለችው። የምታለቅሰው ጠበል ስለሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። ልጇን ልትከላከል ብላ ባዶ እጇን ስለተገኘች ነው።

እንዴት አወቅሽ ብትዪኝ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በደርግ ጊዜ ነው። ቆላ ድባ ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ ነበር። አርብ ማታ ጆሮዬ ይጮሃል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ኤንትሬ ጭነት መኪና ካገኘሁ እሳፈርና ውኃው ዳር ስሄድ እውላለሁ። ሥዕል የለ፣ ምን የለ። ዝም ብዬ ነው የምሄደው። አብራኝ ለምትኖረው መምህርት ግን «ጠበል ነው የምሄደው» አልኋት። ጠበል የሚሄድን ሰው ማንም አይጠይቅም። እንዴት ያለ ብልህ ውሸት!

አንድ ቅዳሜ አያቴ ጎንደር ላይ አረፈች። ወንድሜ መኪና ለምኖ ሊወስደኝ መጣ። መምህርቷ «ጠበል ናት» አለችው። ጠበሉ ድረስ ሄደ። ካህኑን ጠየቀ፣ ጠበልተኛውን አንድ በአንድ አየ። የለሁም። ጊዜ ሄደበትና ተመለሰ። እኔ ማታ አቧራ ለብሼ፣ ደስ ብሎኝ ስገባ ነው የሰማሁት። ጎንደር የደረስሁት በማግሥቱ ነው። አያቴ ተቀብራ አድራለች።

እናቴ ለቅሶው እስኪበርድ ምንም አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝና «አለመቅበርሽን እግዜር ይቅር ይልሻል» አለችኝ። «ግን ባሕር ማየት ምን ነውር አለውና ነው የደበቅሽኝ?» መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ነውር አልነበረውም እኮ። ሳልጠየቅ ነው የደበቅሁት። ይከለክሉኛል ብዬ ሳይሆን ይስቁብኛል ብዬ ነው።

ያንቺም እንደዚያ ይመስለኛል። «ሽያጭ» ስትዪ ሥራ ይመስላል። «እግሬን ላፍታታ፣ ውኃ ልይ» ስትዪ ቅብጠት ይመስላል። እናትሽ በልብስ ማጠቢያና በእንጀራ ምጣድ አሳድጋሻለች። በእሷ ፊት ቅዳሜን ሙሉ «አያለሁ» ማለት ያሳፍራል። ይገባኛል። ግን ንገሪያት።

እንዴት? ጎረቤት ባለበት ቡና ላይ አይሁን። ማታ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። የንድፍ ደብተሮችሽን ሁሉ አምጪና ጭኗ ላይ አስቀምጪላት። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሥዕል አልሸጥሁም። እዚህ ነበርሁ» በያት። ከዚያ ዝም በዪ። ደብተሩን ትግለጠው። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ግን ስለ ሥዕሉ አይሆንም። «ምን በላሽ እዚያ?» ነው የምትልሽ። እናት ናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ይዘሻት ውረጂ። አብረሽ እንድትሄጂ አይደለም፤ እንደ ልጁ እንዳይሆንብሽ። ደብረ ሲና ማርያምን ትሳለም። ዛፉ ሥር ጋቢ አንጥፈሽላት ትቀመጥ። ጧፍ ታብራ፣ ከመነኮሳይቶች ጋር ትጨዋወት። አንቺ «መጣሁ» ብለሽ ሂጂ። እየራቅሽ፣ እያነስሽ ስትሄጂ ትይሽ። ሦስት ሰዓት ቆይተሽ ያቺው ትንሽዋ ነጥብ እየቀረበች፣ እየተለቀች፣ ልጇ ሆና ስትመጣ ደግሞ ትይሽ። እኔ አንድ ሺህ ቃል ከምጽፍላት ያ ይሻላታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት ሆና ስትጠብቅሽ የምትጠብቀውን ታውቃለች።

የሰፈሩን ነገር ለእሷ ተዪላት። የጎንደር እናት እውነቱን ከያዘች ወሬ ማርከስ ታውቅበታለች። ካንቺ የሚፈለግ ነገር የለም።

ስለ ልጁ። መጥፎ ልጅ አይመስለኝም። ዝምታ ሲመጣ የተጣላችሁ እየመሰለው ነው የሚያወራው። ብዙ ወንድ እንደዚያ ነው፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሬዲዮ ሳይከፍት እንጀራ አይጎርስም ነበር። «አትምጣ» አትበዪው። «ና፣ ወደቡ ጋ ጠብቀኝ፣ ዓሣ ብላ» በዪው። ቆሮሶም አምባዛም አለ፤ የሚያነሳው ፎቶም አያጣም። አንቺ ሂጂ። ሦስት ሰዓት ሙሉ «የት ደረስሽ?» ብሎ ሳይደውል ከጠበቀሽ፣ ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ። አምስት ጊዜ ከደወለም ጻፊልኝ።

አሁን ደግሞ እንደ እናትሽ ልናገር፣ ታገሺኝ። እሷ የምትፈራው ወሬውን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱ። ጎንደርና ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ጊዜው ጊዜ ነው። አርብ ማታ ሾፌሮቹን ጠይቂ። አዘዞ መናኸሪያ ያሉት ልጆች ከማንም በፊት ያውቃሉ። «ነገ እንጃ» ካሉሽ አትሂጂ። ጣና ሸሸ ብንልም የትም አይሄድም። ስትሄጂ ደግሞ የምትመለሺበትን ሰዓት ለእናትሽ ቆርጠሽ ንገሪያት። «ማታ» አትበያት። «9 ሰዓት አዘዞ እሆናለሁ» በያት፤ ሁኚም። ስልክሽን ሥዕል ስትሠሪ ብታጠፊው አልፈርድብሽም። ሚኒባስ ስትገቢ ግን ክፈቺው።

ሁለተኛ ጉማሬ። ሰው አዞን ይፈራል፣ ጣና ላይ የሚያስፈራው ጉማሬ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ሲነጋ ይመለሳል። መመለሻ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው አይወድም። ስለዚህ ያ የምትወጂው የንጋት ብርሃን ከደንገሉ ራቅ ብለሽ የምታዪው ይሁን። ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቂ። የት እንደሚወጣ ያሳዩሻል።

ሦስተኛ፣ ጫማሽን አታውልቂ። ይህን ስጽፍ እያዘንሁ ነው፣ ምክንያቱም ባዶ እግር ነው የሚጣፍጠው። ግን የጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለበት። ውኃው ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ከውኃው በቆዳ ይገባል። አታዪውም፣ አያምሽም። እኔ ከዓመታት በኋላ በሆድ ሕመም ተመርምሬ ነው የተገኘብኝ። መድኃኒት አለው፣ ይድናል። እስከ ዛሬ በባዶ እግርሽ ገብተሽ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሰገራ ተመርመሪ። ቦት ጫማ ግዢ። ፒያሳ ሞልቷል።

መንገዱ በተዘጋባቸው ቅዳሜዎችስ? ቁስቋም ውጪ። በጠዋት ከምንትዋብ ግንብ በታች ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወይም ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውረጂ፤ ጥምቀት ካልሆነ ብዙ ሰው አይመጣም፣ ሥሮቹ አጥሩን ዕቅፍ አድርገው የያዙትን ዛፎች ሥዪ። ውኃ ካልሽም አንገረብ አለልሽ። ወደ ጣና የሚሄድ ውኃ ነው፣ ገና መንገድ ላይ ያለ ነው።

እንዲያውም ይህ አንድ ሌላ ሠዓሊ አስታወሰኝ። ዴንማርክ የሚባለው አገር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ስካገን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ሁለት ባሕር የሚገናኝባት ቦታ ናት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ሠዓሊዎች ለዚያ ዳርቻ ብርሃን ሲሉ እየመጡ እዚያ ይከርሙ ነበር። ከመካከላቸው የመንደሯ ተወላጅ አንዲት ሴት ነበረች፤ አና አንከር ትባላለች። በ1859 ተወልዳ በ1935 ነው የሞተችው። እንግዶቹ አሸዋውንና ባሕሩን ሲስሉ እሷ ብዙውን የሣለችው ቤት ውስጥ ነው። ሰማያዊ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዳንቴል የምትሠራ ትንሽ ልጅ። ያንን ሥዕል ያየ ሰው ባሕሩ ከመስኮቱ ውጪ እንዳለ ያውቃል። አልተሣለም፣ ግን አለ።

እናትሽ ስፌት ትሰፋለች? ጥጥ ትፈትላለች? ረፋድ ላይ በየትኛው መስኮት ነው ብርሃን የሚገባባችሁ? ጎርጎራ መሄድ በማትችዪበት ቅዳሜ በዚያ መስኮት አስቀምጫትና ሥያት። ስትስዪ ዝም በዪ። እሷ አትችልም፣ ታወራለች። ታውራ። የእሷ ወሬ እንደ ልጁ አይረብሽሽም፤ ለ29 ዓመት ለምደሽዋል።

የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነበር። በሽታ አይደለም። ንገሪያት። አትተዪ። ከዚያ በላይ የጻፍሁት የአሮጊት ወሬ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጥር ላይ ስትመለሺ ሚኒባሱ ቆላ ድባ ሲቆም ልጆች በመስኮት የሽምብራ እሸት ይሸጣሉ። ሁለት እስር ግዢ። አንዱ የእናትሽ ነው። ሌላውን አዘዞ ሳትደርሺ ትጨርሽዋለሽ፣ አውቃለሁ።